ማንም ያላነበበውን መጽሐፍ መገምገም

ስልኩ የተደወለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ነበር። ቁጥሩን አላውቀውም።

«ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ይቅርታ፣ ረበሽኩዎት?» አለ አንድ ወጣት ድምፅ። «ስለ መጽሐፌ የጻፉትን አንብቤ ነው የደወልኩት።»

ማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ አንድ ጀማሪ ደራሲ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጽፌ ነበር። ታሪኩ ማርስ ላይ ነው። አንድ ምዕራፍ ውስጥ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በመስኮት ሆና ጀንበር ስትጠልቅ ታያለች። የፀሐይዋ ዙሪያ ሰማያዊ ነው። እኔ ደግሞ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ማርስ ቀይ ናት፣ አቧራዋም ቀይ ነው፣ ሰማያዊው ከየት መጣ አልኩ። «ደራሲው የሚጽፍባትን ፕላኔት ለማወቅ አልደከመም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በታች ስለ መጽሐፉ ያነሳሁት በጎ ነገር ሁሉ በዚህች ዓረፍተ ነገር ተሸፈነ።

«አንድ ፎቶ ልላክልዎት?» አለኝ። ላከልኝ። ኪውሪዮሲቲ የምትባለው የናሳ ተሽከርካሪ ሚያዝያ 7 ቀን 2007 ዓ.ም ማርስ ላይ ሆና ያነሳችው ነው። ጀንበር እየጠለቀች ነው። ዙሪያዋ ሰማያዊ ነው።

ክው አልኩ። ነገሩ ወዲህ ነው። የማርስ አየር ውስጥ የሚንሳፈፈው አቧራ በጣም ደቃቅ ነው። ሰማያዊውን ብርሃን ከሌሎቹ ቀለሞች በተሻለ ወደ ፊት ያሳልፈዋል። ስለዚህ ጀንበሯ ስትጠልቅ አካባቢዋ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። እኛ ጋ ቀይ፣ እዚያ ሰማያዊ። ልጁ ይህን አጣርቶ ጽፏል። ያላጣራሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ማስተካከያ ጻፍኩ። ይቅርታም ጠየቅኩ። ግን መጽሐፉን ሊያከፋፍልለት ተስማምቶ የነበረ ነጋዴ የመጀመሪያውን ጽሑፌን አንብቦ ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። ልጁ መጽሐፉን ያሳተመው ዕቁብ ሲደርሰው ባገኘው ብር ነው። ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። አንጀቴን በላኝ።

የታወቀ ደራሲ ላይ ብሳሳት ሌላ ሃያ ሰው ይጽፍበታል፤ የኔ ስህተት እዚያ መሀል ይጠፋል። የማይታወቅ ደራሲ ግን ምናልባት በሕይወቱ የሚጻፍለት የመጀመሪያው ግምገማ የኔ ነው። ብቸኛውም ሊሆን ይችላል። ስሙን ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው የሚያገኘው የኔን ጽሑፍ ነው። ይህን ካወቅኩ ስምንት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ከዚያ ወዲህ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወደ ስልሳ የሚጠጉ አዳዲስ የሳይንስ ልብ ወለዶችን ገምግሜአለሁ። አብዛኞቹ የደራሲዎቻቸው የመጀመሪያ ሥራዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ግምገማ ለመጻፍ የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔ በስህተት የተማርኩትን እናንተ በንባብ ብታገኙት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። የጀማሪዎቹን መጻሕፍት ርዕስ ግን አልጠቅስም። አንዳንዶቹ ላይ የማነሳው ጉድለት ነውና፣ አሁን ደግሞ ስማቸውን ለዚህ ብዬ ማውጣት አልፈልግም።

የአማርኛዎቹን የማገኛቸው ባብዛኛው ከአዟሪዎች ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወይም አራት ኪሎ ክንዳቸው ላይ መጽሐፍ ደርድረው የሚዞሩትን ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ ደንበኛዬ ነው። የምፈልገውን ያውቃል። «እህቴ፣ ሮኬት ያለበት መጥቷል» ይለኛል። የሱን ያህል አዲስ መጽሐፍ ቶሎ የሚያይ ሰው አላውቅም። በእንግሊዝኛ በራሳቸው ያሳተሙ ደራስያንን ደግሞ ስልኬ ላይ ነው የማነበው። እዚያ ችግሩ ብዛቱ ነው። በየቀኑ አዲስ ይወጣል። የትኛውን ማንበብ እንዳለብኝ ግራ ገብቶኝ ነበር።

መላውን ያገኘሁት ከአንድ ውድድር ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ሂዩ ሃዊ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ፣ እሱም በራሱ እያሳተመ የታወቀ ሰው ነው፣ በራሳቸው ለሚያሳትሙ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራስያን ውድድር እንዲጀመር አደረገ። በመጀመሪያው ዙር 300 መጻሕፍት ተያዙ። አሥር የገምጋሚዎች ቡድን እያንዳንዱ ሠላሳ ሠላሳ መጽሐፍ ተካፈለ። ሠላሳውን በሙሉ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ከባድ ነው። ስለዚህ ከሁሉም መጀመሪያውን ያነባሉ፣ የተሻሉትን ለይተው ይቀጥላሉ። እኔም እንዲሁ ማድረግ ጀመርኩ። አርባ ገጽ እሰጠዋለሁ። ካልያዘኝ አስቀምጠዋለሁ።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር ጨምሬአለሁ። አንደኛ፣ ያልጨረስኩትን መጽሐፍ በጭራሽ አልገመግምም። አርባ ገጽ አንብቦ «አሰልቺ ነው» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ዝም እላለሁ። ሁለተኛ፣ የአማርኛ ጀማሪዎች መጽሐፍ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ላይ አይጀምርም። ምስጋና አለ። መታሰቢያነቱ አለ። መግቢያ አለ። ከዚያ ደራሲው የሳይንሱን ነገር እንዳይሳሳቱብኝ ብሎ አሥራ አምስት ገጽ ያስረዳል። ታሪኩ የሚነሣው ሃምሳኛው ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ከመተዌ በፊት መሀሉን ገልጬ አሥር ገጽ አነባለሁ። በዚህ መንገድ ያዳንኳቸው ሦስት ጥሩ መጻሕፍት አሉ። ከነሱ አንዱን ትንሽ ቆይቼ አነሣዋለሁ።

የወሰንኩትን መጽሐፍ ሁለቴ አነባለሁ። መጀመሪያ እርሳስ ሳልይዝ። አልጋዬ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቡና እየተፈላ። ያሳቀኝ ያሳቀኛል፣ የሰለቸኝ ይሰለቸኛል። ሁለተኛውን እርሳስና ደብተር ይዤ ነው። ደብተሬ መጀመሪያ ላይ የምጽፈው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ይህ ዓለም ከኛ ዓለም በምን ተለየ፣ በዚያ ልዩነት ማን ተጎዳ፣ ማን ተጠቀመ? ለኔ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚለካው በዚህ ነው። ሮኬትና ሮቦት ማንም ያስገባል። ሮኬቱ የመንደሩን ሰው ኑሮ ምን እንዳደረገው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ከሦስቱ አንዱ ያልኩት መጽሐፍ የተጻፈው አፋር ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም መስከረም ላይ ዳባሁ አካባቢ መሬት መሰንጠቁን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ስንጥቁ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሬቱ አንዳንድ ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር ተላቀቀ። የደናክል ረባዳ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሳይንቲስቶቹ በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በኋላ ባሕር ይገባበታል ይላሉ። ደራሲው ይህን ወስዶ ባሕሩን በአንድ ሌሊት አስገባው።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው የገረመኝ። ስለ ማዕበሉ ሁለት ገጽ ብቻ ነው የጻፈው። የቀረው ሁሉ ስለ ጨው ነው። ጨው ቆራጮቹ ሥራቸው ውሃ ሥር ገባ። ግመል የሚጭን የለም። የግመል ዋጋ ወደቀ። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ጠዋት ተነሥቶ አዲሱ ዳርቻ ላይ ይቀመጣል። ጣቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ ይቀምሰዋል። ከዚያ ደግሞ ይነክራል። ምንም አይናገርም። ሦስት ጊዜ ሲቀምስ ደራሲው ዝም ብሎ ያሳየናል። ዜናውም የሚሰራጨው በሳተላይት አይደለም፤ በዳጉ ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው የሰሙትንና ያዩትን በዝርዝር የሚነጋገሩበት ባህል ነው። ልብ ወለዱ ውስጥ የስልክ ማማዎቹ ሰምጠዋል። ስለዚህ ባሕሩ የት እንደደረሰ በትክክል የሚያውቀው በዳጉ የሰማ ሰው ነው። ይህን ሳነብ ሌሊት ነበር። ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

ባሕሩ በአንድ ሌሊት አይገባም። ይህን ግን በግምገማዬ ውስጥ እንደ ስህተት አልቆጠርኩትም። ደራሲው አውቆ የዋሻት አንዲት ውሸት ናት፤ ከሷ በኋላ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ለማነጻጸር አንድ የታወቀ ምሳሌ ላንሣ። አሜሪካዊው ደራሲ አንዲ ዊየር ማርስ ላይ ብቻውን ስለቀረ ሰው የሚተርከውን «ዘ ማርሺያን»ን መጀመሪያ ያወጣው ድረ ገጹ ላይ ምዕራፍ በምዕራፍ በነፃ ነው። አንባቢዎቹ ውስጥ ኬሚስትሪ የሚያውቁ ነበሩ፤ የተሳሳተውን ይነግሩት ነበር፤ እሱም ያርም ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. በኪንድል በ99 የአሜሪካ ሳንቲም አወጣው። ትልቅ አሳታሚ በ2014 እ.ኤ.አ. አሳተመው። በሚቀጥለው ዓመት ፊልም ሆነ። ታሪኩን የሚያስነሣው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ግን ማርስ ላይ ሊሆን አይችልም። የማርስ አየር በጣም ስስ፣ ከኛ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሰውና መንኮራኩር አይገፋም። ዊየር ይህን ያውቅ ነበር። ታሪኩ እንዲጀምርለት ብሎ አውቆ ነው የተወው።

ስለዚህ የሳይንስ ስህተት ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ደራሲው ያውቅ ነበር ወይ ብዬ ነው። መልሱ መጽሐፉ ውስጥ አለ። አንድ ሌላ ልብ ወለድ ውስጥ ማርስ ላይ ያለ ልጅ አዲስ አበባ ካለች እናቱ ጋር በስልክ ያወራል። «ሃሎ» ይላል፣ «ወዬ» ትላለች። ይህ ያልታሰበበት ነው። ድምፅ ከማርስ እዚህ ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። እዚያው ሌሎች ትዕይንቶች ላይ መንኮራኩሮቹ ወራት እየተጓዙ ነው፤ ማለት ደራሲው ርቀቱን ያውቀዋል፤ ስልኩ ላይ ሲደርስ ረሳው። በግምገማዬ ላይ የጻፍኩት ግን «ተሳስቷል» ብቻ አይደለም። ያመለጠውን ጻፍኩ። እናት «በላህ ወይ?» ብላ ጠይቃ መልሱን ለመስማት ግማሽ ሰዓት ብትጠብቅ ምን ዓይነት ትዕይንት ይወጣው ነበር! ደራሲው በኋላ ባገኘኝ ጊዜ ያቺን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያነሣልኝ።

ከሰማያዊዋ ጀንበር ወዲህ ደግሞ አንድ ሕግ አለኝ። «ይህ ስህተት ነው» ብዬ ከመጻፌ በፊት ሁለት ቦታ አጣራለሁ። ፊዚክስ ባስተምርም፣ ጉዳዩን በደንብ የማውቀው ቢመስለኝም አጣራለሁ። ይልቁንም የማውቀው ሲመስለኝ ነው የበለጠ የማጣራው።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ። የሌላ አገር ገምጋሚ የማያየውን፣ እኛ ግን ማየት ያለብንን ነገር ነው የማነሣው።

ሰዓታችንን አስቡ። እኛ የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ተነሥተን ነው። ታዲያ ጠፈር ላይ ሆኖ ጠዋት 2 ሰዓት ስንት ነው? ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ መሬትን በ90 ደቂቃ ገደማ አንዴ ይዞራል። እዚያ ላይ ያለ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ፀሐይ ስትወጣ 16 ጊዜ ያያል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ተነሣ» ብሎ የጻፈ ደራሲ አጋጥሞኛል። የትኛው ጠዋት? በእንግሊዝኛ ቢሆን ይህ ጥያቄ ይህን ያህል አያስቸግርም፤ ሰዓቱ የሚነሣው ከእኩለ ሌሊት ነው፣ ከፀሐይ ጋር የተቆራኘ አይመስልም። በአማርኛ ግን ሰዓቱና ፀሐይዋ አይለያዩም። ሌላ ደራሲ ደግሞ ይህንኑ ችግር አይቶ ተጠቀመበት። የሱ ተጓዦች መንኮራኩሩ ውስጥ ቡና የሚፈላበትን ሰዓት 1 ሰዓት ብለው ከዚያ ይቆጥራሉ። ቡናው ያለቀ ዕለት ሰዓት መቁጠር ያቆማሉ። ስለዚያ መጽሐፍ ስጽፍ ግማሹን ስለዚች ሐሳብ ነው የጻፍኩት።

ፆታውም እንደዚሁ ነው። አማርኛ ግሡ ላይ ፆታን ይጠይቃል። መጣ ወይስ መጣች? ትሰማኛለህ ወይስ ትሰሚኛለሽ? ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ማሽን ገጸ ባሕርይ ሲሆን ደራሲው መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ብዙዎቹ ሳያስቡ «እሷ» ያደርጓታል፤ ታዛዥ ስለሆነች ይመስለኛል። ይህን ሳይ እጽፈዋለሁ። ምርጫ ነውና ምክንያት ያስፈልገዋል። አንድ ደራሲ ግን ማሽኑን «እርስዎ» አስባለው። የመንኮራኩሩ ሰዎች ሁሉ በፍርሃት አንቱ ይሉታል። ሁለት መቶ ገጽ ካለፈ በኋላ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ቀና ብላ «አንተ፣ አይርብህም?» ትለዋለች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይደነግጣል። አንባቢውም ይደነግጣል። ይህን ወደ ሌላ ቋንቋ እንዴት እንደሚመልሱት አላውቅም። የኛ ብቻ ነው። ገምጋሚ ይህን ካላሳየ ማን ያሳያል?

የቃላቱ ነገር ደግሞ ሁሌ ያከራክራል። ጠፈር፣ መንኮራኩር፣ ስበት፣ ከባቢ አየር የለመድናቸው ናቸው። ችግሩ ደራሲው አዲስ ቃል ከግዕዝ ፈልጎ ሁሉንም ገጸ ባሕርይ በዚያ ሲያናግር ነው። ፕሮፌሰሩም፣ መካኒኩም፣ ሕፃኑም አንድ ዓይነት ይናገራሉ። መኪና አገራችን ሲገባ መካኒኮቻችን ፍሬንና ካምቢዮን ከጣሊያንኛ ወስደው ዛሬም ይጠቀሙበታል። መንኮራኩር የሚጠግን ሰውስ ከየት ይወስዳል? የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም የተወነጨፈችው ከቻይና ነው። አንድ ወጣት ደራሲ ይህን አስቦ የመካኒኮቹን ቃላት ከቻይንኛ አመጣቸው። አፍ ላይ እየተሰባበሩ፣ እየተለመዱ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለኔ ግን ያ ሰው የሚጽፈውን ዓለም እንደሚያውቀው ምስክር ናት።

ወደ አጻጻፉ ስመጣ፣ የመጀመሪያ ግምገማዎቼን ዛሬ ሳነባቸው ደስ አይሉኝም። «ልብ አንጠልጣይ»፣ «ድንቅ»፣ «ሊነበብ የሚገባው» የሚሉ ቃላት ሞልተውባቸዋል። እነዚህ ቃላት ለማንኛውም መጽሐፍ ይሆናሉ። ስለዚህ ስለ አንዱም አይናገሩም። ነቀፋዬም እንዲሁ ነበር። «ገጸ ባሕርያቱ ሕይወት የላቸውም» ብዬ እጽፍ ነበር። አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ሦስቱ ወንድማማቾች ሲነጋገሩ ስማቸውን በእጃችሁ ብትሸፍኑ ማን እንደተናገረ አትለዩም»። የመጀመሪያው ደራሲውን ያስከፋዋል፣ ምን ማስተካከል እንዳለበት ግን አይነግረውም። ሁለተኛውን አንባቢ መጽሐፉን ገልጦ ራሱ ሊፈትነው ይችላል። ልሳሳትም እችላለሁ፤ ከተሳሳትኩ ይታይብኛል። እንዲታይብኝ ነው የምፈልገው።

ታሪኩን እስከ ሩብ ድረስ ብቻ እናገራለሁ። ከመጽሐፉ ግማሽ ገጽ ያህል ቃል በቃል አቀርባለሁ፤ የማይታወቅ ደራሲን ድምፅ አንባቢ ሌላ ቦታ ሰምቶት አያውቅምና። የፊደል ግድፈት አልቆጥርም። በጀማሪዎች መጽሐፍ ላይ ግድፈት ይበዛል፣ ምክንያቱም ለአርታኢ የሚከፈል ብር የለም። ንባቡን እስኪያቋርጠኝ ከደረሰ በአንድ ዓረፍተ ነገር አነሣዋለሁ። ዝርዝሩን ግን ለደራሲው በግል እልክለታለሁ፣ ገጽና መስመር ጠቅሼ። ለሁለተኛው ኅትመት ይሆነዋል። ብዙዎቹ በዚያው ቀን ይመልሱልኛል።

ግምገማ ለመማር ከፈለጋችሁ አንድ ልምምድ ልንገራችሁ። በኋላ የታወቀ መጽሐፍ ሳይታወቅ በፊት የተጻፈለትን ግምገማ ፈልጋችሁ አንብቡ። እኔ በታዴ ቶምሰን «ሮዝዋተር» ነው የሞከርኩት። ታሪኩ ናይጄሪያ ውስጥ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንድ ትንሽ የአሜሪካ አሳታሚ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኖሞ የተባለው የአፍሪካውያን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ በልብ ወለድ ዘርፍ ያሸነፈው እሱ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝ ለሳይንስ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የአርተር ሲ ክላርክን ሽልማት ወሰደ። ከሽልማቶቹ በፊት የጻፉ ሰዎች ከፊታቸው ያለው ወረቀት ብቻ ነበር። ማንም አልነገራቸውም። ያዩትን ብቻ ጻፉ። እኛም ቀኑን ሙሉ የምንሠራው ይህንኑ ነው።

አሁን ደግሞ እስካሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። ከአራት ዓመት በፊት የአንድ የቅርብ ወዳጄ ዘመድ መጽሐፍ ሲመረቅ ዳሰሳ እንዳቀርብ ተጠየቅኩ። መጽሐፉ ደካማ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። የደራሲው እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መድረክ ላይ ስወጣ ዐይናቸው እኔ ላይ ነው። ያዘጋጀሁትን ወረቀት አጥፌ አመሰገንኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ መጽሐፉን ይዞ ጠበቀኝ። ቅዳሜ እዚያ ነበር። በ400 ብር ገዝቶታል። «ቲቸር፣ እርስዎ እስከ መጨረሻው አንብበውት ነበር?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። የእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ምረቃ ላይ ስጠራ ዳሰሳ አላቀርብም። ከመጽሐፉ የወደድኩትን አንድ ገጽ አነባለሁ፣ ደራሲውን እንኳን ደስ ያለህ እላለሁ፣ እወርዳለሁ። አንድ ገጽ እንኳ ካላገኘሁ አልሄድም። የዘመድና የጓደኛ መጽሐፍም አልገመግምም። መጽሐፉ በነፃ ከተሰጠኝ ጽሑፉ ላይ እናገራለሁ።

ሌላው ጉዳይ ፒዲኤፍ ነው። ስለ አንድ መጽሐፍ በጎ ነገር በጻፍኩ ቁጥር በአንድ ሰዓት ውስጥ «እባክሽ ፒዲኤፉን ላኪልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። አሥር፣ ሃያ። ክፋት የላቸውም። መጽሐፍ ተወዷል፣ ይገባኛል። ግን አንድ ሺህ ኮፒ በራሱ ገንዘብ ያሳተመ ሰው መጽሐፉ በሳምንቱ ቴሌግራም ላይ ሲበተን ሁለተኛውን በምን ያሳትማል? ሁለተኛ ልብ ወለዱን ጨርሶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀረ ደራሲ አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ። ከመጀመሪያው ይበልጣል። እኔና ሚስቱ ብቻ ነን ያነበብነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ግምገማዬ መጨረሻ ላይ መጽሐፉ የት እንደሚገኝና ስንት እንደሆነ እጽፋለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ያንኑ እመልሳለሁ። መግዛት ለማይችል ተማሪ የራሴን አውሰዋለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ መደርደሪያ ተሰጥቶኛል።

የሰማያዊዋ ጀንበር ደራሲ ባለፈው ወር ትምህርት ቤት መጣ። አዲስ ረቂቅ ይዞ ነበር፣ በስፒራል የተጠረዘ። ሲታተም እኔ እንደማልገመግመው ነገርኩት፤ በረቂቁ ላይ አስተያየት የሰጠሁበትን ሌላ ሰው ነው መገምገም ያለበት። ተስማማ። ማታ ቤቴ ያለ እርሳስ ማንበብ ጀመርኩ።

ገጽ 41 ላይ የማርስ ትልቋ ጨረቃ ፎቦስ በምዕራብ ትወጣና በምሥራቅ ትጠልቃለች። ኅዳጉ ላይ በእጅ ጽሑፍ፣ በእርሳስ፣ እንዲህ ይላል፦ «መምህርት፣ ይቺን አጣርቻታለሁ»።

እኔም ተነሥቼ አጣራሁ። ፎቦስ ማርስን የምትዞረው ማርስ ራሷ ከምትሽከረከርበት ፍጥነት በልጣ ነው። በምዕራብ ትወጣለች። ከጽሑፉ ሥር «አዎ» ብዬ ጻፍኩና ገጹን ገለበጥኩ።